አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፦ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ከየት መጣ? ዛሬስ ምን እንጠብቅ?

 

በቅርቡ አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ባሕር ዳር ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። ልጅቷ ትኩሳትም ሳልም የለባትም። ስልኳን አውጥታ ሁለት ፎቶ አሳየችኝ። አንዱ እሷ ራሷ ናት። ሌላውም እሷው ናት፣ ግን በፊልተር፤ አፍንጫዋ ቀጥኖ ጫፉ ሾሏል። «ዶክተር፣ እንደዚህኛው የሚያደርጉት የት ነው? ስንትስ ይፈጃል?» አለችኝ።

እናቷ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አራስ ሳለሁ እናቴ ‹አፍንጫዋን በቅቤ እያሸሽ ሳቢላት› ስትለኝ ችላ አልኩ። አሁን ክፍል ውስጥ ‹ደፍጣጣ› እያሏት ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ቁጭ አለች» አሉኝ።

እኔም ወረፋው በዝቶብኝ ስለነበር ቸኩዬ፣ «ቆንጆ ነሽ እኮ፣ ምንም የለብሽም» አልኳት። ልጅቷ ስልኳን ከተተች፣ ፊቷም ተዘጋ። ያ መልስ መልስ እንዳልነበረ ያወቅኩት ከወጡ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በማን ላይ፣ ለምን እንደተጀመረ ስናውቅ ዛሬ ምን ሊሰጠን እንደሚችልና እንደማይችል ይገባናል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከጣና ገዳማት እንጀምር

በጀልባ ዘጌ ተሻግራችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ወይም ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን አይታችሁ ከሆነ የግድግዳ ሥዕሎቹን ታስታውሳላችሁ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው እያዩን ተሥለዋል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃየው ወታደር ደግሞ በአብዛኛው በጎን ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፣ የአፍንጫቸው ቅርጽም ጎልቶ ይወጣል።

የቅዱሳኑን አፍንጫ ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ። ከቅንድብ ተነስቶ የሚወርድ ቀጭን መስመር ነው፤ የሁሉም ይመሳሰላል። ሠዓሊው የአንድን ሰው አፍንጫ እየለካ አልነበረም፤ የቅድስናን መልክ በተለመደው ወግ እየሣለ ነበር። ሥዕሉን ለማየት የሚመጣው ገበሬም ሆነ ዓሣ አጥማጅ የራሱን ፊት በጎን አይቶት አያውቅም ብል ብዙም አልሳሳትም። መስታወት እንኳ ከጥቂት ቤት በቀር አልነበረማ!

ዛሬ ግን የ16 ዓመት ልጅ ፊቷን በቀን መቶ ጊዜ ታያለች፤ በጎን፣ ከላይ፣ ከታች። እዚህ ላይ ወላጆች ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ስልክ ፊት አጠገብ ተይዞ የሚነሳ ሰልፊ አፍንጫን ያሰፋል። በ2018 የታተመ ስሌት እንዳሳየው 30 ሳንቲሜትር ያህል ላይ የተነሳ ፎቶ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር፣ አፍንጫውን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ካሜራው የሚቀርበው ከጆሯችን ይልቅ ለአፍንጫችን ስለሆነ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ «አፍንጫዬ ትልቅ ነው» ስትላችሁ መጀመሪያ ፎቶውን ሌላ ሰው ራቅ ብሎ እንዲያነሳት አድርጉ። ብዙ ክርክር እዚያው ያልቃል።

ስድቡ ከየት መጣ?

በእኛ አማርኛ አፍንጫ ሦስት አራት ስም አለው። ቀጥ ያለው «ሰልካካ» ተብሎ ይወደሳል፤ ለሙሽራ ይዘፈንለታል። ሰፋ ያለው «ደፍጣጣ»፣ አጠር ያለው «ጎራዳ» ይባላል። እነዚህ ቃላት ቅርጽ ብቻ የሚገልጹ ቢሆኑ ኖሮ ልጅ ትምህርት ቤት አያስቀሩም ነበር።

እውነቱን እንነጋገር። በጎጃምና በመተከል አዋሳኝ የጉሙዝ ሰዎች ለብዙ ዘመን ለባርነት ሲታደኑ ኖረዋል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የዛሬ አያቶቻችን የሚያስታውሱት ዘመን ማለት ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ የቆዳ ጥቁረትና የአፍንጫ ስፋት «ማን ጌታ፣ ማን ባሪያ» የሚለው መለያ ተደርጎ ተቆጠረ። አዋጁ ባርነቱን ሻረው፣ ስድቡን ግን ማንም አልሻረውም። ክፍል ውስጥ «ደፍጣጣ» የሚለው ልጅ ይህን ታሪክ አያውቅም፤ ከቤቱ የሰማውን ነው የሚደግመው። ከቤቱ የሚለውን አስምሩበት።

በሕክምና በኩል ደግሞ ሰፊ አፍንጫ ጉድለት አይደለም። ሰፊውም ቀጭኑም አየሩን አሙቀውና አርጥበው ወደ ሳንባ ያደርሳሉ፤ አቧራውንም ያጣራሉ። ሐኪም የሚያሳስበው አፍንጫው አየር ያስገባል ወይስ አያስገባም የሚለው ነው።

ዓባይ እስከሚደርስበት፦ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች

ከጣና የሚወጣው ዓባይ ግብፅ ሲደርስ፣ እዚያ ስለ አፍንጫ ሕክምና ከተጻፉት ጽሑፎች ሁሉ ካረጁት አንዱ ተገኝቷል። ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1862 ሉክሶር ላይ የገዛው ፓፒረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ የተጻፈ ነው። አፍንጫው የተሰበረን ሰው እንዴት እንደሚያክሙ ይዘረዝራል፦ የረጋውን ደም ከውስጥ ማጽዳት፣ ስብ የተነከረ የተልባ እግር ጨርቅ በሁለቱም ቀዳዳ መክተት፣ ከውጭ በጠንካራ የጨርቅ ጥቅል ደግፎ ማሰር። ዛሬም አጥንቱን አስተካክለን፣ ከውስጥ ከውጭ ደግፈን እንዲድን እንጠብቃለን። ከ3600 ዓመት በኋላም አካሄዱ ያው ነው።

ቀጥሎ ህንድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደኖረ የሚነገርለት ሱሽሩታ በስሙ በቆየው መጽሐፍ የተቆረጠ አፍንጫ እንዴት እንደሚሠራ ተገልጿል፦ በቅጠል ልክ ለክቶ፣ ከጉንጭ ቆዳ አንስቶ፣ በአፍንጫው ቦታ አዙሮ መስፋት፣ መተንፈሻው እንዳይዘጋም ሁለት ሸምበቆ ማስገባት። ለምን ይህን ያህል ተራቀቁ ብትሉ፣ በዚያ አገር አፍንጫ መቁረጥ የዝሙትና የሌላም ጥፋት ቅጣት ስለነበረ ነው። በቁስጥንጥንያም እንዲሁ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ ዳግማዊ በ695 ከዙፋኑ ሲወርድ አፍንጫው ተቆረጠ፤ ፊቱ የጎደለ ሰው ዳግም አይነግሥም ተብሎ ነበር። እሱ ግን በ705 ተመልሶ ነገሠ።

የህንዱ ጥበብ አውሮፓ የደረሰው በአንድ በሬ ነጂ ምክንያት ነው። ካውስጂ የሚባለው ይህ ሰው ለእንግሊዝ ጦር ያገለግል ነበር፤ የቲፑ ሱልጣን ወታደሮች ማርከው አፍንጫውንና አንድ እጁን ቆረጡት። አንድ ዓመት ያህል ያለ አፍንጫ ከኖረ በኋላ ፑና ከተማ አጠገብ ከጡብ ሠሪዎች ወገን የሆነ ሰው ከግንባሩ ቆዳ አውርዶ አዲስ አፍንጫ ሠራለት። ታሪኩ በ1794 ለንደን በሚታተም መጽሔት ወጣ። ጆሴፍ ካርፕዩ የተባለ የለንደን ሐኪም ይህን አንብቦ ለሃያ ዓመት ያህል በሬሳ ላይ ሲለማመድ ቆይቶ በ1814 በሕያው ሰው ላይ ሠራው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ያን ጥበብ ትውልድ ተሻግሮ ያቆየው በንጉሥ ቤት ያለ ሐኪም አይደለም፤ ጡብ ሠሪ ነው። እኛም ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን እየናቅን የኖርን ነንና ነገሩ ይመለከተናል። ያ የግንባር ቆዳ ዘዴ ዛሬም በካንሰር ወይም በአደጋ አፍንጫቸውን ላጡ ሰዎች በመላው ዓለም ይሠራበታል።

ጣሊያናዊው ጋስፓሬ ታልያኮዚ ደግሞ በ1597 ባሳተመው መጽሐፍ ቆዳውን ከክንድ ወስዶ የሚሠራበትን መንገድ አሳየ። ታካሚው ክንዱ ከፊቱ ጋር ታስሮ ሦስት ሳምንት ያህል ይቀመጣል፤ ያውም ያለ ማደንዘዣ! ኤተር የተባለው ማደንዘዣ ለቀዶ ሕክምና በአደባባይ የታየው በ1846 ነው። እስከዚያ ድረስ አፍንጫውን የሚያሠራ ሰው ለውበት ብሎ ሳይሆን መኖር አቅቶት ነበር። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የሰውን አፍንጫ የሚያፈርሰው አንዱ ቂጥኝ ስለነበር አፍንጫ የሌለው ሰው ሁሉ በኃጢአት ይጠረጠራል። ታካሚው ከቁስሉ ይልቅ ከሐሜቱ መሸሸግ ፈልጎ ነበር።

በእኛ አገር አፍንጫ የበሉ በሽታዎች

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይለይም። አፍንጫን የሚጎዱ አራት በሽታዎችን ልጥቀስ። ሁሉም ዛሬም አሉ፣ ሁሉም ቶሎ ከተያዙ ይታከማሉ።

ሥጋ ደዌ፦ የአፍንጫውን መሃል ግድግዳ ከውስጥ ሲበላው ጀርባው ይሰምጣል፤ ኮርቻ ይመስላል። ታማሚዎች ለዘመናት ከሰው ተለይተው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየጸበሉ ኖረዋል። አዲስ አበባ ያለው አለርት በ1965 (በ1958 ዓ.ም.) ሲቋቋም ዓላማው መድኃኒት መስጠት ብቻ አልነበረም፤ የተጎዳ እጅ፣ እግርና ፊት መጠገንም ነበር። በአገራችን የመልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና ሲነሳ ይህ ቤት መዘንጋት የለበትም። ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጥምር መድኃኒት በሽታውን ያድናል፤ በነፃ ነው የሚሰጠው። ቆዳችሁ ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ቦታ ካያችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ቁንጭር፦ ደጋ ላይ፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደልና ዋሻ አካባቢ፣ በጣም ትንሽ በሆነች የአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል። አፍንጫና ጉንጭ ላይ ይወጣል፣ ለወራት ይቆያል፣ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል፤ አንዳንዴም የአፍንጫውን ውስጥ ይበላል። በአገራችን ስለ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በ1913 ነው፤ ተህዋሲው በ1973 ሲለይ በአገራችን ስም «ኢትዮፒካ» ተባለ። ላይ ጋይንትን ጨምሮ በብዙ የክልላችን ደጋማ ወረዳዎች አለ። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና ከሚታወቁት አንዱ ነው። የማይድን የአፍንጫ ቁስል ያለበት ልጅ ካለ በቅጠልና በእሳት ከመተኮስ በፊት ይመርመር።

ቂጥኝ፦ ከእናት ወደ ጽንስ ሲተላለፍ የሕፃኑን አፍንጫ አጥንት ያበላሻል። በእርግዝና ክትትል የምትሰጡት ደም ለዚህም ነው። እናት በጊዜ ፔኒሲሊን ከወሰደች ልጇ ይተርፋል።

ኖማ፦ በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ኩፍኝ ወይም ሌላ በሽታ ያደከመው ሕፃን ድዱ ላይ ጀምሮ በቀናት ውስጥ ጉንጩንና አፍንጫውን ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ድዱ ያበጠ፣ የሚደማና የሚሸት ሕፃን ነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም።

ከጉዳት ወደ ውበት

ታዲያ ጤናማ አፍንጫ መቁረጥ መቼ ተጀመረ? በ1887 አሜሪካዊው ጆን ኦርላንዶ ሮ በፊት ላይ ጠባሳ ሳይተው፣ በአፍንጫው ውስጥ ገብቶ አጭርና ወደ ላይ የተቀለበሰ አፍንጫ ማስተካከሉን ጻፈ። በ1898 ደግሞ በርሊን ላይ ዣክ ዮሴፍ የተባለ አይሁዳዊ ሐኪም በትልቅ አፍንጫው አፍሮ ሰው መሃል መግባት ያቃተውን የ28 ዓመት ጎልማሳ አሳነሰለት። ለሐኪሞች ማኅበር ሲያቀርብም የሰውየው ትካዜ እንደለቀቀው ተናገረ።

የዚህን ሐኪም ታሪክ በተለይ ለወላጆች የማነሳው በምክንያት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጆሮው ገንታራ ስለሆነ በትምህርት ቤት የሚሰደብ ልጅ እናቱ ይዛው መጥታ ጆሮውን ሠርቶለት ነበር። ልጁ ዳነ፤ ዮሴፍ ግን ከሥራው ተባረረ፤ አለቃው «በሽታ ለሌለበት ቢላ አናነሳም» ባይ ነበር። በኋላ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ «አይሁዳዊ አፍንጫ» ከሚለው ስድብ ለማምለጥ የሚመጡ አይሁዳውያን ሆኑ። ዮሴፍ አንዳንዶቹን በነፃ ያክም ነበር ይባላል። እሱ በ1934 ሞተ፤ በዚያን ጊዜ ሂትለር ሥልጣን ይዞ ነበር። አፍንጫ ማሳጠር ማንንም ከዚያ በኋላ ከመጣው አላዳነም።

ሁለቱም ነገር እውነት ነው። ቀዶ ሕክምናው የአንድን ሰው ጭንቀት ሊያቀልለት ይችላል፤ የሰዳቢዎችን አፍ ግን አይዘጋም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ሃሮልድ ጊሊስ በ1917 በተከፈተው የሲድከፕ ሆስፒታል ፊታቸው የፈረሰ ከ5000 በላይ ወታደሮችን አከመ። በክፍሎቹ ውስጥ መስታወት አይሰቀልም ነበር፤ ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ አንዳንድ አግዳሚ ወንበሮች ሰማያዊ ተቀቡ፤ ታካሚዎቹ የሚያርፉባቸው መሆናቸውን የከተማው ሰው አውቆ እንዳይደነግጥ ነው። የዛሬው የውበት ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ዘዴውን የተማረው ከእነዚያ ሰዎች ፊት ነው።

በአገራችንም ዛሬ በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታልና በሌሎችም የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና አለ። የሚበዛው ሥራ ቃጠሎ፣ የከንፈር መሰንጠቅ፣ የጅብ ንክሻና የመኪና አደጋ ነው። ለውበት የሚፈልጉ ደግሞ ወደ ግል ተቋማት ወይም ወደ ቱርክ፣ ህንድና ታይላንድ ይሄዳሉ።

ዛሬ አፍንጫውን የሚያሠራ ሰው ምን ይጠብቅ?

1. ዕድሜ፦ ፊት ማደጉን መጨረስ አለበት። ለሴት ከ15 እስከ 16፣ ለወንድ ከ17 እስከ 18 ዓመት ገደማ ነው። ይህ የአጥንቱ ዕድሜ ነው፤ የልቡ ዕድሜ ሌላ ነው። ለመተንፈስ ያስቸገረ መጣመም ወይም አደጋ ካለ ግን ቀደም ብሎ ሊታይ ይችላል።

2. ምክክር፦ ጥሩ ሐኪም ውስጡንም ውጩንም ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ «ለምን አሁን?» ብሎ ይጠይቃል። የምትፈልጉትን ሁሉ «ይቻላል» ካላችሁ ተጠራጠሩ።

3. የእኛ አፍንጫ፦ ብዙ ጊዜ ቆዳው ወፈር፣ ልም አጥንቱ ለስለስ ያለ ነው። ስለዚህ በብዙዎቻችን ላይ ሥራው መቀነስ ብቻ አይደለም፤ ከጆሮ፣ ከመሃል ግድግዳው ወይም ከጎድን ልም አጥንት ወስዶ መገንባት ነው። ወፍራም ቆዳ በጣም ሹል ጫፍ አያወጣም። ጠባሳችሁ የሚያብጥ፣ ኬሎይድ የሚያወጣ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በተለይ ጆሮና ደረት አካባቢ የሚቆረጥ ከሆነ።

4. ከቀዶው በፊት፦ ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ ይቆማል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ደም ያቀጥናሉ፤ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ ሳትደብቁ ንገሩ። ጫትም እንዲሁ። ሐኪም ሳያዝዝ ግን የልብ መድኃኒታችሁን ራሳችሁ አታቁሙ።

5. የቀዶው ቀን፦ በአብዛኛው በሙሉ ሰመመን፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

6. የመጀመሪያው ሳምንት፦ «አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ዓይናችሁ ዙሪያው ያብጣል፣ ይጠቁራል። በአፍ ትተነፍሳላችሁ። ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል። መደገፊያው በ7 ቀን ገደማ ይነሳል። በዚያ ቀን ያያችሁት አፍንጫ የመጨረሻው አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል።

7. እስከ ስድስት ሳምንት፦ ሁለት ሳምንት አፍንጫ አይናፈጥም። መነጽር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አፍንጫ ላይ አያርፍም። ኳስና ግፊያ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቆይ። የባሕር ዳር ፀሐይ ቀልድ አያውቅም፤ ባርኔጣ አድርጉ።

8. እስከ አንድ ዓመት፦ የጫፉ እብጠት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በወፍራም ቆዳ ከዓመትም ያልፋል። ጫፉና የላይኛው ጥርስ አካባቢ ለሳምንታት ሊደነዝዝ ይችላል። ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ሁለተኛ ቀዶ ያስፈልጋቸዋል ወይም ይፈልጋሉ፤ ለዚያም ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠበቃል።

9. የአደጋ ምልክቶች፦ የማይቆም ደም፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ከአፍንጫ የሚንጠባጠብ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ፣ የዓይን ብዥታ። ከውጭ ተሠርታችሁ ባሕር ዳር ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ቁስሉም ይታይ፣ የወባ ምርመራም ይደረግ፤ የምንኖረው ወባ ባለበት አገር ነውና።

10. «ያለ ቢላ፣ በመርፌ»፦ አፍንጫ ላይ የሚወጋ ፊለር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወደ ደም ሥር ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ ዓይንን ሊያሳውር ይችላል። በውበት ሳሎን ውስጥ በፍጹም አታስወጉ።

ውጭ አገር ለምትሄዱም አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ስመለስ ችግር ቢገጥመኝ ማን ያየኛል?» ሐኪሙ በሰመመን ውስጥ ሆናችሁ አይደለም የሚያስፈልገው፤ ከስድስት ወር በኋላም ያስፈልጋል። የቀዶውን ዝርዝር በጽሑፍ ይዛችሁ ኑ።

ማን ይቆይ? በቅርቡ የተጣላ፣ የተፋታ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይቆይ። ሌላ ሰው «ካልተሠራሽ» ያላት ትቆይ። ሌላው የማያየውን ጉድለት በቀን ለሰዓታት የሚያይ፣ ከመስታወት መላቀቅ ያቃተው ሰው ደግሞ ከቢላው በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ይህ በሽታ በቀዶ አይድንም፣ ብዙ ጊዜም ይብሳል።

ለአራስ እናቶችና ለአያቶች

አሁን ወደዚያች እናት ጥፋት ልመለስ። ጥፋት አልነበረም! የሕፃን አፍንጫ ሲወለድ ጠፍጠፍ ቢል የማሕፀን ግፊትና ተፈጥሮው ነው፤ ዕድሜው እየጨመረ ቅርጹ ራሱ ይወጣል። የመጨረሻ ቅርጹ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። በቅቤ ማሸትና መሳብ አይለውጠውም። ጉዳት ግን አለው፦ አራስ ሕፃን በዋነኛነት የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው፤ በአፍንጫው የገባ ቅቤ ወደ ሳንባ ወርዶ ከባድ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ልጃቸውን ከስድብ ለማዳን ነው፤ ፍቅራቸውን እናክብር፣ ቅቤውን ግን እንተው።

ሌላው፣ ልጅ ወድቆ ወይም በኳስ ተመትቶ አፍንጫው ሲደማ ደሙ ቆመ ብላችሁ አትተዉት። በባትሪ ውስጡን እዩ። በመሃሉ ግድግዳ ላይ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መሳይ ለስላሳ እብጠት ካለ፣ በሁለቱም ቀዳዳ መተንፈስ ካቃተው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። የተጠራቀመው ደም ካልወጣ ልም አጥንቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፣ አፍንጫውም ይሰምጣል። ቶሎ ከተደረሰ በትንሽ ቀዳዳ ይፈሳል። ከዓመታት በኋላ ውድ ቀዶ ከሚያስፈልጋቸው አፍንጫዎች መካከል በዚያች አንድ ቀን መትረፍ ይችሉ የነበሩ አሉ።

መጨረሻው

እናትና ልጅን በስልክ ጠርቼ እንደገና ቀጠርኳቸው። በዚህኛው ቀን መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ቸኩዬ እንደነበር ነገርኳት። ከዚያ አዳመጥኩ። አፍንጫዋን መረመርኩ፤ አየር በደንብ ያስገባል። ቀዶ ምን እንደሚሰጥና እንደማይሰጥ፣ ይህችን ዝርዝር፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። እናቷ ከክፍል ኃላፊ መምህሯ ጋር ስለ ስድቡ እንዲነጋገሩ ተስማማን።

ትምህርት ቤት ተመልሳለች። አፍንጫዋን አሁን ወደደችው ብዬ አልዋሻችሁም። «ዶክተር፣ ትምህርቴን ስጨርስ በራሴ ገንዘብ አሠራዋለሁ» ነው ያለችኝ። መብቷ ነው። ያኔም ከፈለገች ምን እንደሚጠብቃት አውቃ ትገባለች። እኔ የምለምነው ከእናንተ ነው፦ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ የማንም ልጅ አፍንጫ ስም አይውጣለት።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ የግል ሁኔታችሁን ከሐኪማችሁ ጋር ተማከሩ። ለአራስ እናቶችና ለወጣቶች ይደርስ ዘንድ ሼር አድርጉ።

ጤናችሁን ይጠብቅልኝ!